የትርሲት እንግዳ

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ደብረ ብርሃን ውስጥ ባልና ሚስት ሲነቁ «እንዴት አደርሽ?» «እንዴት አደርክ?» በመባባል አይጀምሩም። የሚጀምሩት ከሆድ ነው። መክብብ ሚስቱ ትርሲት ዓይኗን እስክትገልጥ ይጠብቅና «እንግዳው እንዴት አደረ?» ይላታል። እሷም እጇን እምብርቷ ላይ አሳርፋ ጥቂት ታዳምጥና «ደህና አድሯል» ትለዋለች። የሰው ሰላምታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዳው ትል ነው። ማሽሞንሞን አያስፈልግም። የድሮ ሰዎች ጥሬ ሥጋ በልተው ሲይዛቸው በየሁለት ወሩ መድኃኒት ጠጥተው የሚያባርሩት ያ ረጅም የሆድ ትል ነው። አሁን ቁጥር ተሰጥቶት፣ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ በወረፋ ይታደላል። ነገሩ የመጣው ከልኬታ ነው። ልኬታ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ታሽጎ የሚላክ ምግብ ነው፤ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ጥርስ የማይፈልግ። ሰዉ በእሱ መኖር ከጀመረ ሁለት ትውልድ ሆኖታል። በሁለት ትውልድ ውስጥ፣ ከአገር ይሰፋል ይባልለት የነበረው ሆድ ወና ቤት ሆነ። በውስጡ ይኖር የነበረው ደቂቅ ፍጥረት አለቀ። ሰውነትም የሚጠብቀው ጠላት ሲያጣ መሣሪያውን ወደ ገዛ ሥጋው አዞረ። ሐኪሞቹ በሽታውን በረጅም ስም ይጠሩታል፤ ሕዝቡ ግን ራስበላ አለው። የአንዱን ጉልበት ይበላል፣ የሌላውን ቆዳ፣ የትርሲትን አንጀት። ትል የገባለት ሰው ብቻ ይተርፋል፤ ሰውነቱ ዓይኑን የሚጥልበት ባዳ ስላገኘ ራሱን ይተወዋል።

ትርሲት ወረፋ የጠበቀችው ዘጠኝ ዓመት ነው። በዘጠኙ ዓመት ከአንጀቷ ክንድ የሚያህል ቆርጠው ጥለውላታል። ሐኪሙ መክብብን ኮሪደር ላይ ነጠል አድርጎ «ከእንግዲህ የሚቆረጥ የለም። ወይ እንግዳ ታገኛለች፣ ወይ ሁለት ዓመት አትሞላም» ብሎታል። እንግዳው በሰኔ ደረሳት። በመስከረም ወደ ማስተማሯ ተመለሰች። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ጥርሷን እየፋቀች ስታንጎራጉር መክብብ ሰማትና በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ሰው በትል የተነሳ በደስታ ያለቅሳል ቢሉት በፊት ይስቅ ነበር።

የትርሲት እናት ወይዘሮ ይመኙሻል የመጡት በጥቅምት ነው። የሚኖሩት መንዝ፣ ከደጋው ጫፍ፣ የልኬታ መኪና አያዋጣኝም ብሎ በተወው ቀበሌ ነው። እዚያ ሰው አሁንም የገዛ ገብሱን ቆልቶ ይበላል፣ አጓት ይጠጣል፣ ልጅ አፈር ሲበላ ተይዞ ይቆነጠጣል። ወይዘሮ ይመኙሻል ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ራስበላ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ልጅዎ ተሻላት ሲባሉ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብለው ተነሱ። መናኸሪያው ላይ ፈታሹ መሣሪያ ቅቤያቸውንና በሶአቸውን ለቅሞ ወሰደባቸው፤ ያልታሸገ ምግብ ከተማ አይገባም። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የደረቀ አበባ ግን አሳለፈው። መሣሪያው የሚያውቀው ምግብ ነው፤ ያ ደግሞ ምግብ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ሦስቱም በየልኬታቸው ተቀመጡ፤ ለአሮጊቷ የመንገደኛ ልኬታ ተሰጥቷቸዋል። ወይዘሮ ይመኙሻል ከራሳቸው ቆንጠር አድርገው ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ። ትርሲት ፊቷን መለስ አደረገች። የሌላ ሰው ልኬታ አንድ ጉንጭ ቢገባባት ሦስት ቀን ያስተኛታል። ከተማው ውስጥ ጉርሻ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ሠርግ ላይ ብቻ ሙሽሮቹ ባዶ ጣታቸውን ወደ አፍ ያስጠጋሉ፣ ፎቶ አንሺው «በቃ» ሲል ያወርዱታል። የአሮጊቷ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ገዛ አፋቸው ተመለሰ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መክብብ ሚስቱን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን አገኛት።

«እንግዳው ምን እንደሆነ ለእናትሽ ንገሪያቸው» አላት።

«ምን ብዬ? ባሌ ቤት ትል ይዤ ተቀመጥኩ ልበላት? አገር ቤት ብትናገረው የማን ቤት ነው የሚሰደበው? ያንተ ነው።»

«እሺ፣ እኔ ልንገራቸዋ።»

«አንተ? ለአማትህ? ስለ ሚስትህ ሆድ?» ሳቀች። «ሳምንት ናት የምትቆየው። ሳታውቅ ትመለስ።»

መክብብም ሳቀ፤ ምክንያቱም እውነቷን ነው። ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። በአሥራ አራት ዓመት ከአማቱ ጋር «እርስዎ» «እርስዎ» ተባብለው፣ እሳቸው ሲገቡ እሱ ተነስቶ፣ እሱ ሲገባ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ኖረዋል። አንድም ቀን ስለ ሕመም በግልጽ አልተነጋገሩም። እሳቸው «ልጄን እንዴት ይዟታል?» ብለው አያውቁም፤ «ቤቱ ደህና ነው?» ነው የሚሉት። እሱም «ቤቱ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ትርሲት ከሞት ጋር ስትተናነቅ ቤቱ ደህና ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መክብብ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ እንደሆነው ቢነገር ግን ይሻላል።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ይመኙሻል የልጃቸውን አልጋ ሲያነጥፉ አንሶላው ላይ የዱባ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አገኙ። ትላወሳለች። በእሳቸው አገር ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ልጃቸው ኮሶ ይዟታል፤ ባሏ እንዳያውቅባት ደብቃለች። ጉርሻ እንኳን በሚጸየፍ ቤት፣ ሁሉም ነገር በታሸገበት ቤት፣ እንዲህ ያለ ጉድ ቢታይ ምን ልትሆን ነው? እናት ናቸው፤ ጨነቃቸው። አንሶላውን በእጃቸው አጥበው አሰጡት። ለልጃቸውም ያየሁትን አይቻለሁ ብለው አላሳፈሯትም። ቋጠሯቸውን ፈተው አበባውን አደቀቁት፣ ዓርብ ማታ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉት። መክብብ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ልኬታ ፋብሪካ ተረኛ እንደሆነ ያውቃሉ። እሱ ሳያይ፣ እሱ ሳይሰማ፣ ጉዱ ከቤት ይወጣል።

መክብብ ከፋብሪካው የተመለሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አማቱ በሩን ከፈቱለት። ፊታቸው በርቷል።

«ቤቱ ደህና ነው?» አላቸው።

«ዛሬስ ደህና ነው» አሉት።

ትርሲት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል። ከጎኗ ሲቀመጥ አልዞረችም።

«እንግዳው ወጣ» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። «የት ወጣ?»

«እማዬ ኮሶ አጠጣችኝ። አንሶላ ላይ አይታው ኖሯል።»

በከተማው «ፊቱ ኮሶ የጠጣ መሰለ» የሚባል አነጋገር አሁንም አለ፤ ኮሶ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። መክብብ ያን ዕለት አወቀው። ሳይጠጣው አፉ መረረው።

«አንቺስ ምን መስሎሽ ጠጣሽው?»

«ለሆድሽ ነው፣ ከአገር ይዤልሽ የመጣሁት ነው አለችኝ። እንቢ አልኩ። ካልታሸገ አልጠጣም አልኩ። በሞቴ አለችኝ።»

«በሞቴ ስላሉሽ ብቻ?»

«ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ።» ቀጥላ «ግማሽ ላይ ስደርስ ገባኝ» አለች። «ሽታው ሳይሆን አያያዟ ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስታጠጣ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ግማሽ ላይ ለምን አላቆምሽም?»

ትርሲት ያን ጊዜ ዞረች። «ጣሳውን በገዛ እጇ አፌ ድረስ አቅርባልኝ ነበር፣ መክብብ። እንዴት ብዬ ልግፋው? ምሳ ላይ እጇን አሳፍሬው የለ? ደግሞም ያኔ የወረደው ወርዷል፤ ግማሹም ይገድለዋል።»

መክብብ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ድረስ ሳበላት። ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ አማቱ ጣሳውን እያጠቡ ነበር። ለአንድ አፍታ ጠላቸው። ጠልቶ አያውቅም ነበር፤ እንዴት ቀላል እንደሆነ ሲያይ ደነገጠ። ከዚያ እሳቸው ከመጡ ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ማን እንደነበር አስታወሰና ጥላቻው ወደ ራሱ ዞረ።

ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል። የሆድ ጤና መሥሪያ ቤቱ በየክሊኒኩ ግድግዳ ለጥፎታል፤ ዘጠኝ ዓመት ወረፋ ሲጠብቅ ሌላ የሚያነበው አልነበረም። እንግዳውን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ለዘላለም ከመዝገብ ይሰረዛል። እንግዳው በሌላ ሰው እጅ የጠፋበት ግን በሳምንት ውስጥ ተተኪ ይሰጠዋል፤ አጥፊው ሰባት ዓመት ይታሰራል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጠያቂ ትባላለች፤ በየወሩ መጥታ እንግዳው በሕይወት መኖሩን ታያለች። የምትመጣው ማክሰኞ ነው።

እሑድ ጠዋት ትርሲት ተነስታ ቁጭ አለች። መክብብ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«የምታስበውን አውቃለሁ። ማክሰኞ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት እላለሁ።»

«ትሞቻለሽ።»

«እናቴን በሰባ ሦስት ዓመቷ እስር ቤት አስገብቼ በምን ሆዴ ልኑር?»

«ትሞቻለሽ እኮ ነው የምልሽ።»

«ማልልኝ» አለችው። «እንደማትናገር ማልልኝ። ትርሲት ትሙት በል።»

መክብብ አልልም አለ። እሷም ከሰዓት በኋላ ደገመችለት፤ ሰኞ ጠዋት ሰለሰችው። ሰኞ ምሳ ላይ ልኬታዋን ሳትከፍት ገፋችው፤ ካልማልክ አልበላም ማለቷ ነው። ሰው በዚህ አገር ትልቁን መሐላ የሚምለው በሚወደው ሰው ነው፤ መሐላውን ሲያፈርስ የሚሞተው እሱ ሳይሆን የሚወደው ነው። ስለዚህ ነው የሚታመነው። መክብብ ሚስቱን፣ ያልተከፈተውን ከረጢት፣ እንደገና ሚስቱን አየ።

«ትርሲት ትሙት» አለ።

ትርሲት ልኬታዋን ከፈተች።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ጠያቂዋ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትሁት ልጅ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የምትገባው። ወይዘሮ ይመኙሻል መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ለነገው ጉዞ ነጠላቸውን ያጥፋሉ። ጠያቂዋ ትንሿን መሣሪያ የትርሲት ሆድ ላይ አሳረፈች፣ ጠበቀች፣ ቦታ ለወጠች፣ እንደገና ጠበቀች።

«እንግዳው የለም» አለች። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የምታነብ ነበር የምትመስለው። ሰሌዳዋን አወጣች። «እንዴት ጠፋ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ትርሲት።

«በማወቅ?»

«በማወቅ።»

«በምን ምክንያት?»

«ተጸይፌው።»

ጠያቂዋ ጻፈች። «ከመዝገብ መሰረዝዎን እንዲያረጋግጡ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉልኝ።»

ትርሲት እጇን አነሳች። መክብብ የሚስቱን አውራ ጣት ያየው ያኔ ነው። ሰኔ ላይ አጥንት ብቻ ነበር፤ አሁን ሥጋ ለብሷል፣ ጥፍሩ ቀልቷል። ሦስት ወር ተኩል የፈጀ ሥጋ ነው። ሌላ ምንም አላሰበም፤ ቢያስብ ኖሮ ዝም ይል ነበር።

«እሷ አይደለችም» አለ። «እናቷ ናቸው ያጠጧት። እሷ አላወቀችም።»

የትርሲት እጅ እንደተነሳ ቀረ። ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ወይዘሮ ይመኙሻል ግን ተነስተው ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ ይታያል። «አወቁት እንዴ?» አሉት አማቻቸውን። «እኔ ደግሞ እንዳያፍሩብን ብዬ ደብቄ። ካወቁትማ ምን ይደበቃል። እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሏት ጠያቂዋን። «ምስኪን፣ አላወቀችም። ሁለት ጭብጥ ነው የዘፈዘፍኩላት። ደህና አድርጎ ሻረላት፣ ጭንቅላቱ ሳይቀር ነው የወጣው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሁለት ጭብጥ» ብላ ጻፈች ጠያቂዋ።

«የደረቀ። የርጥቡ ይበዛል።»

«የደረቀ» ብላ አስተካከለች። ከዚያ ሕጉን አነበበችላቸው። ስታነብ ድምፅዋን አላነሳችም፣ አልቸኮለችም፤ ከባድ ቃል ሲያጋጥማት ቆም ብላ በቀላሉ ታስረዳቸዋለች። ትሉ መድኃኒት እንደነበረ፣ ትርሲት ዘጠኝ ዓመት እንደጠበቀችው፣ ያለ እሱ እንደማትኖር። ወይዘሮ ይመኙሻል እስከ መጨረሻው ቆመው አዳመጡ። ሲያልቅ ወደ መክብብ ዞሩ። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ቀጥ ብለው አዩት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ፣ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እርስዎን አፍሬ ነው» አሉት። ከዚያ ለጠያቂዋ «ለልጄ ሌላ ትሰጧታላችሁ ነው ያልሽኝ?»

«በሳምንት ውስጥ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? የኔን ጣት አድርጊው።»

«እማዬ፣ ተይ» አለች ትርሲት። «በሞቴ።»

አሮጊቷ አልሰሟትም፤ ወይም ሰምተው አለፉት። ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። ነጠላቸውን አጥፈው ስለጨረሱ ከጠያቂዋ ጋር ለመውጣት ጊዜ አልወሰደባቸውም።

ለትርሲት ተተኪው እንግዳ ዓርብ ዕለት ደረሳት። መሥሪያ ቤቱ በዚህ አይታማም። ሕመሙ ትንሽ ሊነሳባት ሞክሮ ተኛ፤ በጥር ስድስት ኪሎ ጨምራ ነበር።

ማረሚያ ቤቱ የሚያበላው ልኬታ ነው፤ ሌላ ምግብ ግቢው ውስጥ አይገባም። ሰባ ሦስት ዓመት በገብስና በአጓት የኖረ ሆድ በታሸገ ለስላሳ ነገር ሲጸዳ ምን እንደሚሆን መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፤ ሁለት ትውልድ የተደረገበት ነው። የወጣት ሆድ ዓመታት ይፈጅበታል። የወይዘሮ ይመኙሻል ስድስት ወር በቃው። መጀመሪያ ጣቶቻቸው አበጡ፣ ከዚያ ታጠፉ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ተያዘ። ራስበላ ነው አላቸው የማረሚያ ቤቱ ሐኪም። እንግዳ ይገባቸዋል ተብሎ ስማቸው ተመዘገበ። ቅጣታቸው ሰባት ዓመት ነው፣ ወረፋቸው አሥራ አንድ።

ትርሲት በየእሑዱ ትሄዳለች። መክብብ አንድ ጊዜ አብሯት ሄዶ ነበር። አማቱ በወንበር ተገፍተው ወጡና ከወንበሩ ሊነሱለት ሞከሩ። አልቻሉም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉት። «ቤቱ ደህና ነው?» መክብብ ከዚያ ወዲህ አልሄደም።

ትርሲት አልተጣላችውም። ቢጣሉ ይሻለው ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይገባል። እሷ ግን ልኬታውን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ ሲጠይቃት የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። በስሙ አትጠራውም።

በሰኔ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ቦርሳዋን ስታነሳ፣ መክብብ መታገስ አቃተው። ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ «ትርሲት» ብሎ ጠራት።

በሩን ከፍታ ቆመች፤ አልዞረችም።

«ትርሲት፣ እንድትኖሪ ብዬ ነው።»

«ትርሲት ሞታለች» አለችው። አልተቆጣችም፤ የቀጠሮ ሰዓት የምትነግረው ይመስል ነበር። «አንተው ነህ የማልክባት።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በፊት ደረጃውን ስትወርድ በየፎቁ ግድግዳ ተደግፋ ታርፍ ነበር። መክብብ ተነስቶ በሩ ጀርባ ቆመና አዳመጠ። ጫማዋ አራተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን ፎቅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም አለፈ። የታችኛው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።